የእናቴ ጉልበትና ዲክሎፌናክ፦ መርፌው ጨጓራን አይነካም የሚባለው እውነት ነውን?

የአዘዞ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ሲሆን ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ሦስት ዓመት አልፏል፤ በተለይ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቁልቁለቱን መውረድና ከምጣድ ሥር ተቀምጣ መነሣት ያስጨንቃታል። የደም ግፊት እንዳለባት ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉትን መድኃኒቶች በየቀኑ ሳታቋርጥ ትወስዳለች። ከአራት ወር በፊት አንዲት ጎረቤታችን ለራሷ ከተገዛላት ባለ 50 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ ጥቂት ፍሬ አካፈለቻትና እናቴ በማግሥቱ እንደ ልጅ ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ትወስዳለች፤ ሲያልቅባት ባዶውን ማሸጊያ ይዛ ወደ መድኃኒት ቤት ትሄድና «እንዲህ ያለውን ስጡኝ» ትላለች፤ እስካሁን ማዘዣ የጠየቃት ሰው የለም።

በቅርቡ ግን ሁለት ነገር አየሁባት። አንደኛው ከእንብርቷ በላይ ያለው ቦታ እያቃጠላት ሌሊት መንቃቷ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቁርጭምጭሚቷ ማበጡ ነው፤ እርሷ ግን እብጠቱን «ብዙ ስለምቀመጥ ነው» ትለዋለች። ዐቢይ ጾም ከገባ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ምንም ስለማትቀምስ ሁለቱን ክኒን ከምሳ በኋላ በአንድ ጊዜ ትውጣለች። ያችው ጎረቤታችን አሁን አዲስ ምክር አምጥታለች፦ «ክኒኑን ተይው፤ መርፌው በቀጥታ ደም ውስጥ ስለሚገባ ጨጓራን አይነካም» ትላለች፤ ቤት ድረስ መጥቶ የሚወጋ ሰውም አግኝታላታለች።

ሕመሟ እውነተኛ ስለሆነ «ይተዉት» ብቻ የሚል መልስ አያሳምናትም። ምክንያቱን ብታስረዱኝና በምትኩ ምን ማድረግ እንደምትችል ብትነግሩኝ ተቀምጬ አነብላታለሁ።

ፋርማሲስት ከማራኪ

ወንድሜ፣ መርፌውን በተመለከተ ልጀምር፤ እናትዎ ነገ ጠዋት ሊወጉ ይችላሉና። ጎረቤታችሁ የተናገሩት በከተማችን እጅግ የተስፋፋ፣ ነገር ግን የተሳሳተ እምነት ነው።

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን፣ ኢንዶሜታሲንና አስፒሪን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ሰውነታችን ሲጎዳ ወይም ሲቆጣ ኮክስ በሚባሉ ኢንዛይሞች አማካይነት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል፤ ሕመሙን፣ እብጠቱንና ትኩሳቱን የሚያባብሱትም እነዚሁ ናቸው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን አስፒሪንና መሰሎቹ የሚሠሩት ይህን ምርት በማገድ መሆኑን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎችም አንዱ ሆነ። ችግሩ ግን ፕሮስታግላንዲን በጉልበት ላይ ጠላት ቢመስልም በጨጓራ ላይ ዘበኛ መሆኑ ነው፦ ጨጓራ የራሱ አሲድ እንዳይበላው የሚሸፍነውን ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያስመነጨውና ወደ ግድግዳው በቂ ደም እንዲሄድ የሚያደርገው እርሱ ነው። መድኃኒቱ የጉልበቱን ለይቶ የጨጓራውን መተው አይችልም። ክኒኑም ቢሆን ቁስለት የሚያመጣው በዋናነት ጨጓራ ውስጥ ስለተቀመጠ ሳይሆን ከደም ጋር ተዋሕዶ ይህን ጥበቃ ስለሚያነሣ ነው። እንግዲህ በመርፌ ወደ ደም የገባው መድኃኒት በዚያው ደም ተመልሶ ወደ ጨጓራ ይደርሳል፤ መግቢያው ቢለወጥም መድረሻው አንድ ነው።

ከምግብ በኋላ መውሰድም ቢሆን የማቃጠል ስሜቱን ሊያስታግስ ይችላል እንጂ ቁስለቱን አይከላከልም። ባለ 50 ሚሊግራሙ ክኒን ብዙውን ጊዜ አንጀት እስኪደርስ የማይሟሟ ሽፋን አለው (ለዚህም ነው ተፈጭቶ ወይም ተሰብሮ እንዳይወሰድ የምንለው)፤ ነገር ግን ከላይ በተናገርኩት ምክንያት ሽፋኑም ሙሉ መድን አይሆንም።

የጻፉትን ሳነብ ከጨጓራው ይልቅ ያስደነገጠኝ የኩላሊቱ ጉዳይ ነው። እናትዎ የሚወስዷቸው ሦስት መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያመጡትን ጣጣ በመስኖ ውኃ መስለን እንየው። ኩላሊት ደሙን አጣርቶ ለማሳለፍ ግፊት ያስፈልገዋል፤ ግፊቱን የሚያስተካክለውም ደሙ የሚገባበትንና የሚወጣበትን በር በማስፋትና በማጥበብ ነው። ዲክሎፌናክ የመግቢያውን በር ያጠብበዋል፤ ኤናላፕሪል የመውጫውን በር ያሰፋዋል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ከቦዩ ላይ ውኃውን ይቀንሳል። ሁለቱ የግፊት መድኃኒቶች ብቻቸውን ቢሆኑ ኩላሊቱ ተቻችሎ ይኖራል፤ ሦስተኛው ሲጨመር ግን በድንገት ሊደክም ይችላል። በዚህ ላይ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ሲታከልበት አደጋው ከፍ ይላል። ጾሙን ለመንካት አልደፍርም፤ ጉዳዩን ለንስሐ አባታቸው ቢነግሩ ግን ለታመመ ሰው የሚደረገውን ያውቃሉ።

የቁርጭምጭሚቱ እብጠትም ከመቀመጥ ብቻ ላይሆን ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋሉ፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ የግፊት መድኃኒቱንም ጉልበት ያሳጡታል። ዲክሎፌናክ በልብና በደም ሥር ላይ የሚያመጣው አደጋ ከአንዳንድ ወንድሞቹ የበለጠ በመሆኑ፣ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2013 እ.ኤ.አ. የልብ ድካም ወይም የልብ ደም ሥር ሕመም ላለባቸው፣ እንዲሁም ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች እንዳይሰጥ አሳስቧል። በዚያው ዓመት በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንታኔ እንደሚያመለክተው፣ ከፍተኛውን መጠን ለአንድ ዓመት ከሚወስዱ 1000 ሰዎች መካከል ከማይወስዱት ጋር ሲነጻጸር በተጨማሪ ሦስት ያህሉ ብርቱ የልብ ወይም የደም ሥር አደጋ ይደርስባቸዋል፤ ከሦስቱም አንዱ ለሞት የሚያበቃ ነው። ቁጥሩ ለአንድ ጤነኛ ወጣት ትንሽ ነው፤ ግፊት ላለባት የ63 ዓመት እናት ግን ትንሽ አይደለም።

መጠኑን ካነሣን፣ በቀን 100 ሚሊግራም ለአዋቂ ከሚፈቀደው ከ150 ሚሊግራም በታች ነው። ስለዚህ እናትዎ «ከመጠን በላይ ወሰዱ» አይባልም፤ ያጠፋው አራት ወር መቆየቱና ከሌሎቹ ጋር መደራረቡ ነው። ዲክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ የግፊት መድኃኒቶቹን ግን በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡ። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወስደው የግፊት ልኬት፣ የክሬያቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ)፣ የፖታስየምና የሄሞግሎቢን ምርመራ ይደረግላቸው፤ የጨጓራውንም ማቃጠል ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የጨጓራን አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ሊታዘዝላቸው ይችላል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ቡና የመሰለ ነገር ካስመለሳቸው ወይም ሽንታቸው ከቀነሰ ግን ሳምንቱን አይጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ይውሰዷቸው።

የመተማ መንገድ ሹፌር

ፋርማሲስቱ ስለ ጥቁር ሰገራ የጻፉትን ሳላውቅ ቀርቼ የከፈልኩትን ዋጋ ባጭሩ ልናገር። ከጎንደር መተማ እየተመላለስኩ ጭነት የማመላልስ ሹፌር ነበርኩና ወገቤን ያመኝ ነበር። ቀን ቀን አይቡፕሮፌን፣ ማታ ማታ ዲክሎፌናክ እወስድ ነበር፤ ስማቸው ስለሚለያይ የተለያየ ሥራ የሚሠሩ መስሎኝ ነበር እንጂ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን የነገረኝ አልነበረም። በጥምቀት ሰሞን ጠላውም አረቄውም ተጨመረበት።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ጨጓራዬን ፈጽሞ አላመመኝም ነበር። የሕመም ማስታገሻ እየወሰደ ያለ ሰው የቁስለቱ ሕመም እንኳ ሊሰወርበት እንደሚችል የገባኝ ኋላ ነው። ሰገራዬ ለሦስት ቀን ጠቁሮ ሳየው «የበላሁት ነገር ነው» ብዬ ተውኩት፤ በአራተኛው ቀን ከመኪናዬ ስወርድ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ፤ ካሜራ ያለበት ቱቦ በጉሮሮዬ ገብቶ ሲታይ ጨጓራዬ ላይ የሚደማ ቁስል ተገኘ፤ የጨጓራ ባክቴሪያም እንዳለብኝ ታወቀና ለሁለት ሳምንት ታከምኩ። ሐኪሙ ባክቴሪያውና መድኃኒቱ ሲገናኙ ለቁስለት የሚያጋልጡት አንዳቸው ለብቻው ከሚያጋልጠው አብልጠው መሆኑን ነገረኝ። በእኛ አገር ባክቴሪያው የሌለበት ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ እናትዎን ይህንንም ያስመርምሩላቸው።

ጤና መኮንን

ከላይ ከተጻፈው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን መድኃኒቱ እንደ መርዝ ተቆጥሮ እንዳይቀር ሌላውንም ገጽ ማሳየት ይገባል። የኩላሊት ጠጠር ይዞት መሬት ላይ የሚንከባለል ሰው ላይ፣ ሌላ የሚከለክለው ሕመም እስከሌለ ድረስ፣ አንድ ባለ 75 ሚሊግራም የዲክሎፌናክ መርፌ በጡንቻ መስጠት ከምናውቃቸው ጥሩ ሕክምናዎች አንዱ ነው። በድንገት ለተቀሰቀሰ ሪህ፣ ለወር አበባ ሕመም፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ለሚመጣ ሕመምም ለጥቂት ቀናት ቢወሰድ ይጠቅማል። መርፌው ግን ከሁለት ቀን በላይ እንዲቀጥል የተሠራ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ ካለ ወደ ክኒን ይዛወራል ወይም ሕመሙ ምን እንደሆነ እንደገና ይመረመራል።

ቤት ለቤት የሚወጋውን ሰው በተመለከተ የማውቀውን ልናገር። በመቀመጫ ላይ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ በተወጉ በማግሥቱ እግራቸውን እየጎተቱ የመጡ ሰዎችን አይቻለሁ። አልፎ አልፎም የተወጋው ቦታ ጠቁሮ ሥጋው የሚሞትበት፣ ኒኮላው ሲንድሮም የሚባል ጉዳት ይከሰታል፤ ዲክሎፌናክም በዚህ ጉዳት ስማቸው በተደጋጋሚ ከሚነሣ መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ሌላው በቆላው ስሠራ ያየሁት ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርዱ ወጣቶች ትኩሳት ይዟቸው ሲመጡ ብዙዎቹ አስቀድመው ሁለት ሦስት መርፌ ተወግተዋል። መርፌው ትኩሳቱን ለግማሽ ቀን ያበርደዋል፤ ወጣቱም ተሽሎኛል ብሎ ወደ ማሳው ይመለሳል። በዚህ መካከል ወባ ከሆነ ይጠናል፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላ አዛር ከሆነ ደግሞ ጣፊያው ያብጣል፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ይቀንሳል፣ አፍንጫው መድማት ይጀምራል። የዲክሎፌናክ ቤተሰብ የፕላትሌትን ሥራ የሚያስተጓጉል በመሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ማስታገሻው ራሱ አደጋ ይሆናል። ከቆላ የተመለሰና ከሁለት ሳምንት በላይ ያተኮሰው ሰው መርፌ ሳይሆን የደም ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

ወደ ጉልበቱ ልመለስ። ብዙ ጊዜ «ፓራሲታሞል ይውሰዱ» ብለን እናሰናብታለን፤ በጨጓራና በኩላሊት በኩል የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በእርጅና ለመጣ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው እፎይታ ትንሽ መሆኑን ሳንሸሽግ መናገር አለብን። እናትዎ ፓራሲታሞል ወስደው «ምንም አላደረገልኝም» ቢሉ አጋነኑ አይበሏቸው። ከቆዳ ላይ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል ለጉልበት ጥሩ አማራጭ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ ጋር ሲነጻጸር 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባለ 1 በመቶው ጄል ለአንድ ጉልበት 4 ግራም፣ በቀን እስከ አራት ጊዜ ይቀባል፤ ዋጋው ከክኒኑ ይወደዳል፣ እፎይታውም በአንድ ሌሊት አይመጣም። በእናትዎ ሁኔታ ግን ጄሉም ቢሆን የኩላሊቱ ውጤት ከታየ በኋላ ቢጀመር እመርጣለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ወደ ፊት በማንሣት እስከ አምስት እስኪቆጠር ይያዙት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ያውርዱት፤ በእያንዳንዱ እግር አሥር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ምጣዱን ከፍ ባለ መደብ ላይ ማስቀመጥና ዱካውን በከፍተኛ ወንበር መለወጥም አለ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ምርኩዝ ቢይዙ የተሻለ ነው፤ ምርኩዙን የሚይዙትም በማያመው እግር በኩል ባለው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል።

የከብት ሐኪም ከዳባት

ከሰው ጉዳይ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ኩላሊትን ስታነሡ የኛ ሙያ የሚያውቀውን ላስታውሳችሁ። በደቡብ እስያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥንብ አንሳዎች በሚሊዮን ሲያልቁ ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በፓኪስታን ይሞቱ የነበሩት በዲክሎፌናክ የታከሙ ከብቶችን ሬሳ በልተው፣ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ እንደነበር አሳየ። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን ለከብት መስጠትን አገዱ፤ በምትኩም ለጥንብ አንሳ የማይጎዳው ሜሎክሲካም መጣ። የሰው ኩላሊት የአሞራን ያህል ስስ አይደለም። ነገር ግን በሰሜን ተራሮች ሥር ያሉ ገበሬዎች «ለበሬዬ የሰው ዲክሎፌናክ ልስጠውን?» ብለው ሲጠይቁኝ የምከለክለው ስለዚህ ነው።

የአዘዞ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ለእናቴ አነበብኩላት፤ የመስኖውን ምሳሌ ስትሰማ «ታዲያ እኔ ነኝ በሩን ስዘጋው የኖርኩት?» አለችና ዝም አለች። ጤና ጣቢያ በወሰድኳት ቀን ግፊቷ 172 በ98 ነበር፤ ክሬያቲኒኗም ከፍ ብሎ 1.7 ተገኘ። ክኒኑን ካቆመች ዛሬ 16 ቀኗ ነው፤ የግፊቷ መድኃኒት ሳይለወጥ ትናንት 146 በ86 ሆነ፤ ክሬያቲኒኑም ወደ 1.2 ወርዷል። የቁርጭምጭሚቷ እብጠት ጠፍቷል፤ ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል ታዞላታል፤ የባክቴሪያውም ምርመራ ውጤት ይጠበቃል። ንስሐ አባቷ ጠዋት ውኃና መድኃኒት እንድትወስድ ፈቅደውላታል። ጉልበቷ ግን መልሶ ያማታል፤ እግር የማንሣቱን እንቅስቃሴ ጠዋት ታደርገዋለች፣ ማታ ትረሳዋለች። ጄሉን ሐኪሙ ሲፈቅድ እንገዛለን።

አንድ ያሳሰበኝ ነገር አለ። የተረፉትን ክኒኖች ልጥላቸው ስፈልግ አጣኋቸው። ብጠይቃት «ከሚጣሉ» ብላ ወገቧን ለሚያማት ለጎረቤታችን ልጅ ሰጥታታለች። ልጅቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ፋርማሲስት ከማራኪ

መልእክቴን እንዳነበቡ ሄደው ክኒኖቹን ይቀበሏቸው፤ ስንት ፍሬ፣ በስንት ቀን እንደወሰደችም ይጠይቋት። እርግዝና ከ20ኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ እነዚህ መድኃኒቶች የጽንሱን ኩላሊት አድክመው የሽርት ውኃውን ሊያጎድሉ ይችላሉ፤ በሰባተኛው ወር ደግሞ ጽንሱ በማኅፀን ሳለ ደሙ ሳንባን ዘልሎ የሚያልፍበትን፣ ከልደት በኋላ ብቻ መዘጋት ያለበትን የደም ሥር ያለ ጊዜው ሊያጠብቡት ይችላሉ። አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ወስዳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል፤ ቢሆንም ነገ ጠዋት የእርግዝና ክትትል ወደምታደርግበት ቦታ ሄዳ ትንገራቸው፤ አስፈላጊ መስሎ ከታያቸው የሽርት ውኃውን በአልትራሳውንድ ያዩላታል። የጽንሱ እንቅስቃሴ ከወትሮው የቀነሰ ከመሰላት ግን ነገን አትጠብቅ። ለወገቧ እስከዚያው ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም መውሰድ ትችላለች፤ ሐኪም በዝቅተኛ መጠን አስፒሪን አዞላት ከሆነ እርሱ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ሳትጠይቅ እንዳታቋርጠው።